ደግሞ ለመፈተን መቸኮል አይበጅም

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል፣ በ«ስቴፕ ዋን»፣ የወደቁ ተማሪዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ደግመው እንዲፈተኑ የሚመክረውን ጽሑፋችሁን አልደግፍም። የሚፈቀደው ሙከራ በጠቅላላው 4 ብቻ ነው፤ የወደቁበትም ከመዝገብ አይፋቅም። በጥድፊያ የባከነ ዕድል ተመልሶ አይገኝም።

ለወደቀ ተማሪ በየትኛው የትምህርት ዘርፍ እንደደከመ የሚያሳይ ሪፖርት ይደርሰዋል። ልጄ ግን አፍራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመሳቢያ አላወጣችውም። ጥናቷ መልክ የያዘው አውጥታ «ፋርማኮሎጂ» (የመድኃኒት ጥናት) የሚለውን መስመር በቀይ ያሰመረች ዕለት ነው። ያን ቀን አጠገቧ የተቀመጠ ሐኪም ቢኖር ምንኛ በጠቀማት!

ስለዚህ በዚህ አገር የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በሳምንት አንድ ምሽት ከአንድ ደጋሚ ተማሪ ጋር ሪፖርቱን መስመር በመስመር እንድታዩለት፣ ጋዜጣውም ፈቃደኞችን እንዲመዘግብ እጠይቃለሁ።

አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ