አደይን ዘሯን ሳታራግፍ አትጨዷት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

መስከረም በጠባ ቁጥር ጋዜጣችሁ የአደይ አበባ ፎቶ ያወጣል፤ ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ግን ከፎቶው ሥር «አደይ እየጠፋች ነው» ተብሎ ጥፋቱ በሙሉ ለአየር ንብረት ለውጥ ተሰጠ። የአየሩ መለዋወጥ ምንም አላደረገም አልልም። ለአዲስ አበባ አደይ ግን ከዝናቡ ይልቅ ማጨጃው ይብሳል ባይ ነኝ።

አደይ የምንላት አንዲት አበባ ብቻ አይደለችም። በሳይንሱ ባይደንስ የሚባል ወገን ነው፣ ብዙ ዝርያ አለው። የዕፅዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ወገን ብቻ አንድ ሙሉ ጥናት አሳትመዋል። በመኪና መስኮት የምናየው ቢጫ ሁሉም አደይ አይደለም። የኑግ ዘመድ የሆነው መጭም አለበት፤ ገበሬው ከጤፉ መሀል እየነቀለ የሚማረርበት ማለቴ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየ ደግሞ ከብት የሚወደው ማገጥ አለ፣ ሐምራዊውም ነጩም።

ይህ ሁሉ ባንዴ የሚፈነዳው በደጋውና በወይና ደጋው ዝናቡ ክረምት ላይ ስለሚጠቃለል ነው። ዘሩ በጋውን ደረቅ አፈር ውስጥ ይተኛል። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በነሐሴ ደመና ሥር ግንዱን ያበጃል። ሰማዩ ሲከፈት መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ፀሐይና ውኃ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ሁሉም ይሽቀዳደማል። ቦረና ብትሄዱ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና የአበባውም ወር ሌላ ነው። አገሩ ከባሕር ጠለል በታች ካለው ዳሎል ተነሥቶ ራስ ዳሽን ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣል። እንደ ዓባይ ያለው ሸለቆ ደግሞ ተራራን ከተራራ ይለያል፤ ተለያይቶ የኖረ ተክል የራሱን መልክ ያወጣል። ወደ 6,000 ከሚጠጉት የዕፅዋት ዝርያዎቻችን ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር የማይገኘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ማጨጃው ልመለስ። ብዙዎቹ አደዮች የአንድ ክረምት ዕፅ ናቸው። ለከርሞ የሚተርፈው ዘራቸው ብቻ ነው። ዘሩ የሚበስለው ደግሞ መስቀል አልፎ፣ አበባው ጠውልጎ ቡናማ ሲሆን ነው። ያኔ ፎቶ የሚያነሣው የለም፤ ለዓይንም ቆሻሻ ይመስላል። በእኛ ሰፈር የወንዝ ዳር ልክ በዚያ ሰሞን ሞተር ይዘው መጥተው ሙልጭ አድርገው ያጭዱታል። «ጽዳት ነው» ይሉናል። በቦታው ምንጣፍ ሣርና በጋውን በቦቴ ውኃ የሚኖር አበባ ይተከላል። አደይ እኮ ቦቴ አትጠይቅም!

ለእንቁጣጣሽ አደይ የሚሸጡትን ልጆች አልወቅስም። ከሥሩ ባይነቅሉት ግን ጥሩ ነበር፣ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ይበቃል። የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚጠብቁ ንብ አናቢዎችም በዚህ ይስማማሉ። ንባቸው በዚያ ወቅት በብዛት የምትቀስመው አደይና መጭ ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የወንዝ ዳርና የመንገድ ዳር ሣር እስከ ኅዳር 12 ይቆይ። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ መጥረጊያውን ማውጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ይጽዳ። የእግረኛ መንገዱን የሚዘጋ ከሆነ ጠርዙን አንድ ሜትር ያህል አጭዶ የቀረውን መተው ይቻላል። የታጨደውም ወዲያው ተጭኖ አይሂድ፤ ጥቂት ቀን እዚያው ቢደርቅ ዘሩ ይራገፋል። እናንተም በጥቅምት መጨረሻ ፎቶ አንሺያችሁን ወደዚያው ቦታ መልሳችሁ ላኩና ምን ያህሉ እንደቆመ አሳዩን።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከእንጦጦ ሥር፣ አዲስ አበባ