ከኅዳር ሲታጠን በፊት ዕቃችንን ወደ አሮጌው መንገድ እናውጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሆኜ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ጭነት እስኪራገፍልኝ ስጠብቅ፣ መኪናዬ ውስጥ። ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ነው። አገር ቤትም ሥራዬ ይኸው ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቼ ጋላፊን፣ ሚሌን፣ አዋሽን አልፌ ሞጆ ስደርስ ቤቴ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ስለ መንገድ ባወራ አያምርብህም የሚለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለአሮጌው የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ ግን ኬንታኪና ቴኔሲ ውስጥ፣ በሰው ደጅ አሮጌ ዕቃ ስፈልግ ነው።

እዚህ አገር ሰው የማይጠቀምበትን ዕቃ ደጁ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። ያርድ ሴል ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ ላይ ጠረጴዛ ይወጣል። ሳህኑ፣ የልጅ ብስክሌቱ፣ የሟች አባት መዶሻና መጋዝ ሳይቀር ይደረደራል። አላፊ አግዳሚው መኪናውን ያቆማል፣ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ዋጋ ይከራከራል።

ከሁሉም የሚረዝመው በአውራ ጎዳና 127 ላይ የሚደረገው ነው። ሚሺገን ውስጥ አዲሰን ከምትባል ትንሽ ከተማ ይነሣና አላባማ፣ ጋድስደን ድረስ ይወርዳል። 690 ማይል ነው፤ በእኛ 1,110 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከሚወስደው መንገድ ይረዝማል። ስድስት ስቴት ያቋርጣል። በየዓመቱ በኦገስት የመጀመሪያው ሐሙስ ይጀምርና እሑድ ያበቃል። እናንተ ጋ ሐምሌ እያለቀ፣ ዝናቡ ጣሪያ ሲደበድብ ማለት ነው።

የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሐሳቡን ያመጡት ማይክ ዎከር የሚባሉ፣ ቴኔሲ ውስጥ የፌንትረስ ወረዳ አስተዳዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰዉ ሁሉ ኢንተርስቴት በሚባለው ሰፊ ፈጣን መንገድ ሽው እያለ ያልፋል፤ በድሮው መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ከተሞች ጎራ የሚልላቸው አጡ። እንግዲህ ሰው እንዲመጣ ምን እናድርግ ሲባል፣ ያለንን ዕቃ መንገድ ዳር እናውጣ ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፋብሪካ አልተተከለም፣ ሆቴል አልተገነባም። ያለ ዕቃ ነው የወጣው።

እኔ ኢንተርስቴት 75 ላይ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ከሲንሲናቲ እስከ ቻታኑጋ ያለውን ማደያ ሁሉ አውቀዋለሁ። ሰው ግን አንድም አላውቅም ነበር። 127ን ያወቅሁት ዕረፍት ወስጄ፣ ተሳቢውን ለድርጅቱ ትቼ፣ የራሴን ፒክ አፕ ይዤ ስወጣ ነው። አሁን የዓመት ፈቃዴን የምወስደው በዚያ ሳምንት ብቻ ሆኗል።

የምሄደው ብቻዬን ነው። ባለቤቴ ቤታችን ሙዚየም ሆነ ብላ ከቀረች ቆየች። ጓደኛ ይዞ መሄድም አይሆንም። አንዱ እንቁም ሲል አንዱ እንሂድ ይላል፤ አንዱ ምሳ ምሳ ይላል። ብቻዬን ስሆን ያሰኘኝ ቦታ እቆማለሁ። ዳቦ ቆሎዬን ሸክፌ፣ ገመድና ብርድ ልብስ ከኋላ ጭኜ፣ ገንዘቡን በዝርዝር ይዤ እነሣለሁ። ዝርዝር ወሳኝ ነው። የመቶ ዶላር ኖት አውጥቶ አንድ ዶላር ቀንሱልኝ የሚል ሰው ማን ይሰማዋል?

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ነው መድረስ። ነጋዴዎቹ በባትሪ እያበሩ ነው የሚገዙት። ጥሩ መሣሪያ፣ ጥሩ ብረት ሐሙስ ያልቃል። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ርካሽ ይሆናል። ባለቤቱ መልሶ ከሚጭነው በነፃ ውሰደው ቢል ይመርጣል።

ሲንሲናቲ ላይ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሬ ኬንታኪ እገባለሁ። ፍራንክፈርት፣ ሃሮድስበርግ፣ ዳንቪል እያለ ይቀጥላል። ከሊበርቲ ከተማ በኋላ የስልኬ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቻታኑጋ ስቃረብ ተመልሶ ይጨምራል፤ አላባማ ስገባ እንደገና ይቀንሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓትን ስድስት ከሚል አገር ጋር ተስማምቶ መኖር ለለመደ ሐበሻ ይህ ምንም አይደለም።

ሰሜኑ ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም። ልቤ ያለው ከክሮስቪል በታች፣ ፓይክቪልና ደንላፕ ባሉበት በሰኳቺ ሸለቆ ነው። ግራና ቀኙ ተራራ፣ መሐሉ የለመለመ እርሻ። ገበሬው ማሳውን አጭዶ ለድንኳን ያከራያል። የቤተ ክርስቲያን እናቶች ኬክና ሳንዱች ይሸጣሉ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ በጨው የተቀቀለ ለውዝ አለ፤ ትኩሱን በከረጢት ይሰጡሃል። አንዴ ከቀመሱት አይቆምም። ከሲግናል ማውንቴን ወደ ቻታኑጋ የሚወርደው ኩርባ ደግሞ ለጣርማ በር ሾፌር የቤቱ ያህል ነው።

ክርክሩ ከመርካቶው ይለያል። እኛ መጀመሪያ ዕቃውን እናጣጥላለን፤ «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ?» ብለን ሄድ እንላለን፣ እስኪጠሩን። እዚህ ዕቃውን ካጣጣልክ ሰውየው ይቀየምሃል፤ የእናቱ ሊሆን ይችላል። ሰላም ትላለህ፣ የማን እንደነበር ትጠይቃለህ፣ ሲያወራልህ ትሰማለህ። ከዚያ ሦስት አራት ነገር ሰብስበህ ለሁሉም በአንድ ላይ ስንት ትለኛለህ ትላለህ። ዋጋው ራሱ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ፓይክቪል አቅራቢያ አንድ ሽማግሌ የሲንጀር የስፌት መኪና ይዘው ተቀምጠዋል። ጥቁር፣ ወርቃማ ጌጡ ገና ያልለቀቀ፣ በእግር የሚረገጠው ዓይነት። የሚስታቸው እናት ንብረት ነበር አሉኝ። ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በስልኬ ፈለግሁት፤ የሲንጀር ቁጥር መቼ እንደተሠራ ይናገራል። የ1926 ሥራ ነው። እህቴ አዳማ ልብስ ሰፊ ናት አልኳቸው። 60 ዶላር ያሉትን 40 አደረጉልኝ። ሳልጠይቃቸው ቅባቱን፣ የመርፌ ቆርቆሮውንና ትርፍ ቀበቶውን ጨመሩልኝ። እንዴት እንደሚቀባ አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ እኔም ዝም ብዬ አየሁ። ነገሩን ከልጅነቴ ባውቀውም አላቋረጥኳቸውም።

የብረት እግሩን እሳቸው ጋ ተውኩት፤ አዳማ ያለ በያጅ ይሠራዋል። መኪናው ብቻውን 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 23 ኪሎ በሚይዝ ሻንጣ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ገባ። ሞተር ስለሌለው የ110 እና የ220 ቮልት ጣጣ የለበትም። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ይህን የምለው አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁን «በካርቶን የታሸገ አዲስ አምጣ» ለምትሉ ነው። አዲሱ ፕላስቲክ ነው። የድሮው ብረት ነው።

ሌላው የምሰበስበው ወፍራም የብረት መጥበሻ ነው። ቴኔሲ ውስጥ ሎጅ የሚባለው ፋብሪካ ከ1896 ጀምሮ ይሠራዋል። እነሱ ሥጋና እንቁላል ይጠብሱበታል። እኔ ለብረት ምጣድ ነው የምገዛው። ሙቀቱን ይይዛል፣ ቡናው እኩል ይቆላል። ኮሎምበስ ያሉ ሴቶች ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ከያርድ ሴል ስላቸው ዝም ይላሉ።

አንድ ነገር ደብቄ ባልፍ ደግ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ለባርነት ተዋግቶ የተሸነፈው የደቡቡ ወገን ባንዲራ የተሰቀለበት ጠረጴዛ አለ። እኔ ጥቁር ሰው ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ። እንደዚያ ያለ ቦታ አልቆምም። ሳይመሽ ማደሪያዬ እገባለሁ፤ ባለቤቴም በየከተማው ትደውላለች። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከየት ነህ ብሎ ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሰጠኝ ሰው ከዚያ እጅግ ይበዛል።

አሁን ወደ እኛ መንገድ ልምጣ።

የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ጀመረ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገር ቤት ስመጣ ዘመዶቼ በዚያ ነው የሚወስዱኝ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አዳማ ነን። መንገዱን አልነቅፍም። ያለ ግጭት ቶሎ መድረስን የሚጠላ ሾፌር የለም። ግን በእኛ ጊዜ ዱከም ሥጋ ሳይበላ አዳማ የሚደርስ ሰው አልነበረም። አሁን የዘመዶቼ ልጆች ዱከምን የሚያውቋት በመውጫ ሰሌዳ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜና እሑድ በአሮጌው መንገድ ዳር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ብቻ፣ ሰው የቤቱን ዕቃ አውጥቶ ይሽጥ። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይከብድም። ጊዜው ደግሞ ከኅዳር 12 በፊት ያለው ቅዳሜና እሑድ ይሁን። ኅዳር ሲታጠን ያው ቆሻሻ እያልን ሰብስበን እናቃጥላለን። ከመቃጠሉ በፊት ሰው ይየው። ጭቃው ደርቋል፣ የአድአ ጤፍ ቢጫ ሆኗል። የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ሥጋ ቤቶቹም አይከፋቸውም።

መንገድ ዳር መሸጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ፣ በየመንገዱ ከሰል እንገዛለን። የቤት ዕቃ ሲሆን ነው ነገሩ የሚከብደን። ሶፋህን ደጅ ብታወጣ «ተቸገረ» ይባላል፣ ወይም «ሊሰደድ ነው»። ስለዚህ ለቁራሊዮ በር ዘግተን በሹክሹክታ እንሸጣለን፤ እሱም የሰጠንን ሰጥቶን ይሄዳል። ያልሸጥነው አልጋ ሥር ይገባል። አሜሪካ ያለው ሐበሻም ከዚህ አይሻልም። ያርድ ሴል ይሄዳል፤ ዕቃው ሲደነቅለት ግን «ስጦታ ነው» ይላል። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ያውጣ የምለው። ሁሉም ካወጣ ማን በማን ላይ ያማል? ፌንትረስ ወረዳም የሆነው ይኸው ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም ጠረጴዛ ይዘረጋል።

ቁራሊዮዎችና የምናለሽ ተራ ሰዎች እንዳይከፋቸው እሰጋ ነበር። ከቆርቆሮ ምድጃ፣ ከጎማ ጫማ እየሠሩ ያኖሩን እነሱ ናቸውና። እነሱም እሑድ ማታ ይጠሩ። ያልተሸጠውን ሁሉ በጅምላ ይግዙ። በአንድ ቀን በመኪና የሚጫን ዕቃ በአንድ ቦታ ማግኘት ለእነሱም ቀላል ነው።

እንደ ሾፌር የምፈራው አንድ ነገር ነው። አሮጌው መንገድ ላይ ሲኖትራኩ አሁንም ይሮጣል። አስፋልቱ ጫፍ ላይ አንድም ጠረጴዛ መቀመጥ የለበትም። 127 ላይ ሰው ዕቃ ሲያይ ቀልቡ ተወስዶ መንገድ ሲያቋርጥ ብዙ አይቻለሁ፤ መኪናውም በእግር ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ይሁን። መኪና ማቆሚያው ይለይ። ትራፊክ ፖሊስም ይኑር።

ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ከየት እናምጣ የሚል አይጠፋም። ዕድሮች አሏቸው። ለሐዘን የሚተከለው ድንኳን ለሁለት ቀን ለገበያ ቢተከል ኪራዩ ለዕድሩ ይገባል። ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ጥሩንባ ነፊውም ተዘጋጅቶ ያለ ነው።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁልኝ ከዱከም ወይም ከቢሾፍቱ አንድ የዕድር ዳኛ በዚሁ ጋዜጣ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አይሆንም ካሉም ምክንያቱን ይጻፉልኝ። ይሆናል ካሉ ለኅዳር ፈቃድ እጠይቃለሁ። ሁለት ሻንጣ የብረት ምጣድ ይዤ እመጣለሁ፤ ለመጀመሪያው ጠረጴዛ ኪራዩን ከአሁኑ እከፍላለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞው የጅቡቲ መስመር ሾፌር
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ