ሞተር ያሳደሳችሁ፣ ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር የምሠራ መካኒክ ነኝ። ስለ መኪና ስትጽፉ ብዙውን ጊዜ ወሬው ዋጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ዘይት ልጻፍላችሁ። ከረዘመባችሁ ቁረጡት።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። አይፈረድበትም። ስለዚህ ሞተር ማውረድ የዕለት ሥራችን ሆኗል፤ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ የመስኖ ፓምፑም። ክፋቱ፣ ታድሶ ከወጣው ውስጥ ሳይቆይ የሚነክሰው፣ ማለትም ውስጡ ተፋቅቶ የሚጣበቀው፣ ብዙ ነው። ከዚያማ ጭቅጭቅ ነው። ባለመኪናው ዘይት ሻጩን «ፎርጅድ ሸጥክልኝ» ይላል፣ መካኒኩ ሾፌሩን «ገና ሳይሟሽ አስጋለብከው» ይላል፣ ሾፌሩ ሁለቱንም ይራገማል። ፎርጅድ ዘይት የለም አልልም። ግን እኔ እንዳየሁት ከሆነ ብዙው ሞተር መንገድ ሳይወጣ ነው የሚያልቅለት፤ ቁልፍ ሲዞር፣ ዘይት ገና ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚዞርበት ልስልስ ብረት) ጋ ሳይደርስ።

ቁልጭ አድርጋ የምታሳየው አንዲት ማዝዳ አርኤክስ 7 ናት። ከውጭ የመጣ ሰው መኪና ናት፣ አሮጌ። «ፒስተን የሌላት መኪና መጣች» ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት ይጎርፍ ነበር። እውነትም ፒስተን የላትም፣ ሞተሯ ሮታሪ ነው። ጀርመናዊው ፊሊክስ ቫንክል የፈለሰፈው፣ ማዝዳም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ መጀመሪያ በኮስሞ መኪናው የሸጠው። በ1991 ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» የሚባለውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር አሸንፎበታል፤ ይሄን የማነሳው «ዱሮም የማይረባ ሞተር ነው» የሚሉኝ ስላሉ ነው። ውስጡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ይዞራሉ፣ መሃላቸው አንድ ዘንግ ያልፋል። በቃ።

እዚህ ሞተር ላይ ዘይት ሥራ ይበዛበታል። የዘንጉን ብሮንዚናዎች ያለሰልሳል። ሮተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያቀዘቅዘዋል፤ ውሃው የሚደርሰው የውጭው ቤት ጋ ብቻ ነዋ። ከዚያ አልፎ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ከኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ፣ እየጨለፈች ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል ድረስ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች፣ የሮተሩ ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች (ሲሎች) ደርቀው እንዳይፋቁ። ስለዚህ ሮታሪ ጤነኛ ሆኖም ዘይት ይበላል። ባለቤቱ ዘይት ቀነሰ ብሎ ሲደነግጥ «እሱስ ይቀንስ» ያልኩት ለዚህ ነው፤ የመረረኝ መስሎት ነበር።

ይቺ መኪና ሌላ ቦታ ታድሳ ወዲያው የነከሰች ናት። ኮፓውን ሳወርድ፣ የዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ቀይ ሲሊኮን ተለጥፏል። የእነዚህ መኪኖች ኮፓ ማንጠባጠብ ይወዳል፤ ያደሰው ሰው ይሄን ፈርቶ ሲሊኮኑን አልብሶታል። ወደ ውጭ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል፣ ወደ ውስጥ የተረፈውን ማን ያየዋል? ይደርቃል፣ ይቆረሳል፣ ወንፊቱን ይደፍናል። የፊቱን ሽፋን ስፈታ ደግሞ ሌላ ጉድ። በሽፋኑና በሞተሩ አካል መካከል ዘይት በሚሻገርበት ቀዳዳ ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ከቦታዋ ከሸሸች ወይ ከተቆረጠች የተገፋው ዘይት ተመልሶ ኮፓው ውስጥ ይፈሳል፣ ግፊት የሚባል ነገር አይኖርም። ይቺኛዋ ግማሿ የለም። ብሮንዚናዎቹ መዳቡ እስኪታይ ተልጠዋል።

ይሄ የሮታሪ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲሊኮን የሚኒባሱንም ወንፊት ይደፍናል። ኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ተሞርዶ ሲመጣ የዘይት ቀዳዳዎቹ የብረት ዱቄት ይዘው ነው፤ በቀጭን ብሩሽና በኮምፕረሰር አየር መጽዳት አለባቸው። የዘይት ፓምፕ ደረቁን ከተገጠመ አየር ነው የሚያዞረው፣ ዘይት አይስብም። ጥርሶቹ መሃል ቫዝሊን ሙሉበት። ግሪስ እንዳታደርጉ፤ ቫዝሊን ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል፣ ግሪስ ግን እዚያው ተጋግሮ ይቀራል።

ከዚያ ወደ ዋናው። ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው) ይፈታ፣ ሮታሪዋ አራት አላት፣ ለአንድ ሮተር ሁለት ሁለት። ነዳጁና እሳቱ ይቋረጥ፣ ናፍጣ ከሆነ ነዳጁን መዝጋት ነው። የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ፈትታችሁ በቦታው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እሰሩና መርፌው እስኪነሳ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አሥር አሥር ሰከንድ እያሳረፋችሁ ምቱ። ጌጅ ስል መርፌ ያለውን ነው እንጂ ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አይደለም። እሷ ትንሽ ግፊት ካገኘች ትጠፋለች፣ አትመኗት። መርፌው ካልተነሳ ሞተሩ አይነሳም! «ትንሽ ቢሠራ ራሱ ይስባል» እያሉ የገደሉት ሞተር ስንት ነው። ተነስቶ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር ወደ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው) ካሳየ ደህና ነው፤ መካኒክ በዓለም ሁሉ የሚይዘው ግርድፍ ልክ ይሄ ነው።

ለሮታሪዋ የመጀመሪያው ቤንዚን ላይ ትንሽ የሁለት ስትሮክ ዘይት ቀላቅዬበታለሁ፣ የትንሿ ፓምፕ ቱቦዎች አየራቸውን እስኪጨርሱ። ያየኝ አንድ የጣና ጀልባ ነጂ ሳቀብኝ። እነሱማ በድሮዎቹ ሞተሮቻቸው ሲያደርጉት ኖረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ አዲስ የታደሰ ሞተር «እስቲ ጉልበቱን እንየው» ተብሎ ቤዛዊት ዳገት አይወጣም። መጀመሪያ ሲነሳ ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ዘይት ይጠጣል፣ የኮፓው ይጎድላል፤ ዳገት ላይ የቀረው ወደ ኋላ ሲሸሽ መምጠጫው አየር ይስባል። አጥፉት፣ ዘይቱን ድጋሚ ለኩ፣ ሙሉ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ።

ባለመኪኖች እናንተም አላችሁበት። ዓርብ አምጥቶ «ለእሁድ ሠርግ ይድረስልኝ» የሚል ሰው ቫዝሊኑንም ጌጁንም እያስዘለለ መሆኑን ይወቅ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ መርፌው ሲነሳ እዩ። መካኒኩ ቢቀየም ይቀየም።

ጌጅ የሌለው ጋራዥ ካለ የእኔን አውሳለሁ። ባለፈው የወሰደው ልጅም ይሄን ካነበበ ይመልስልኝ፤ ነገ የማስነሳው ሞተር አለኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መካኒክ ከባሕር ዳር