ሣሩን አሳጨዱን፣ ጉድጓዱን ተዉት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ውኃ ያቆረው ጉድጓድ ይደፈንልን ብለን መስከረም 3 ቀን ላስገባነው ሦስተኛ አቤቱታ መልሱ ኅዳር 20 ደረሰን። ግማሽ ገጽ ነው፤ ማኅተሙ ግን ደምቋል። ወባ የተስፋፋው ነዋሪው ንጽሕናውን ስለማይጠብቅ ነው ይላል። በየደጃችን ያለውን ቆሻሻ እንድናቃጥልና ሣሩን እንድናጭድም ያዘናል።

አጨድን። ቆሻሻውንም አቃጠልን። መንገድ ሠሪዎቹ አፈር ያወጡበት ጉድጓድ ግን ዛሬም ከጤና ኬላው ጀርባ ውኃ አቁሮ ተኝቷል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእኛ ወረዳ ሳይሆን አይቀርም።

እርስዎ የጤና ባለሙያ ነዎት፤ ይህን ለእርስዎ መጻፍ ያሳፍራል። ነገር ግን ደብዳቤው በፊርማዎ ወጥቷል። የሽንት ቤት ፍሳሽና የገማ ቦይ የሚመቸው ኪውሌክስ ለሚባለው ቢምቢ ነው። እሱ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ወባ አያስተላልፍም። በቆላችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ ምርጫዋ ሌላ ነው፦ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ አዲስ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ። ከብት ረግጦት ባለፈ ጭቃ ላይ፣ በኮቴው ቅርጽ የቀረች ውኃ እንኳ ትበቃታለች። ለእሷ የተተወላት ጉድጓድ ደግሞ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር ነው። የመስኖው ቦይ ስለሚሰርግበት በበጋም አይደርቅም። ሣር ውስጥ አንዲት እንቁላል አትጥልም።

ማረጋገጫ ከፈለጉ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጭልፋና ነጭ ሣህን ይበቃል። ከጉድጓዱ ዳር፣ ሣር ከውኃው ጋር ከሚገናኝበት፣ ጭልፋውን ዘንበል አድርገው የላይኛውን ውኃ ብቻ ይቅዱና ሣህኑ ላይ ይገልብጡ። ውኃው ሲረጋ እጮቹ ወደ ላይ ይመጣሉ። ልክ እንደ ተቆረጠ ገለባ ከውኃው ገጽ ጋር ተለጥፈው ከተኙ የወባ ትንኝ እጮች ናቸው፤ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላቸው አየር የሚያገኙት እንደዚያ ተጋድመው ነው። ጭራቸውን ወደ ላይ፣ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው የሚንጠለጠሉት የኪውሌክስ ናቸው። ጉድጓዳችን ውስጥ የሚንጠለጠል የለም፤ ሁሉም ተጋድሟል።

በሐምሌ ስናመለክት «አሁንማ ወባ የለም» ተብለን ነበር። እውነት ነው፣ በከባዱ ክረምት ጎርፉ እጩን ጠራርጎ ይወስደዋል። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ሲያባራ፣ ውኃው ሲረጋና ፀሐይ ሲመታው ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ማለት ነው። ያመለከትነውም ለዚያ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። እንቁላሉ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል። እጩ በልቶ ያድግና መብላት አቁሞ፣ ጎብጦ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በእኛ ሙቀት ይህ ሁሉ 10 ቀን ገደማ ነው። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏ የሚጎለምሰው በደም ነውና። ከታመመ ሰው ደም ከመጠጠች በኋላ የወባው ተሕዋሲ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ሌላ 10 ወይም 12 ቀን ይፈጅበታል። ከዚያ የነከሰችው ሰው እስኪያተኩሰው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት። ሲደመር አምስት ሳምንት ቢሆን ነው። አቤቱታችን ከመዝገብ ቤት እስከ ፊርማዎ ለመድረስ 77 ቀን ፈጅቷል። ትንኟ በዚያ ጊዜ አምስት ትውልድ ታደርሳለች። (ነገሩ ደብረ ብርሃን ቢሆን ጉድጓዱ ዓይን ከማስጠላት አያልፍም ነበር፤ ከ16 ዲግሪ በታች ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ተሕዋሲ በትንኟ ውስጥ አያድግም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ቆላው ለወረደ ሰው ግን ብርድ አይደርስለትም።)

ርጭቱንም እናመስግን? በዚያው በኅዳር መጨረሻ ሠራተኞች ተላኩ። የግድግዳ ኬሚካል የሚገድለው ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ትንኝ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን እጭ አይነካም። መረጨት ያለበትም የወባው ወቅት ሳይገባ ነው፤ የእኛው የደረሰው ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ነው። አረጫጨቱ ደግሞ የባሰ ነው። ደንቡን ያውቁታል፦ ዕቃ ይወጣል፣ የፓምፑ አፍንጫ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ አንድ ሜትር ግድግዳ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። የእኛዎቹ አንደኛው ቡና ሳይወርድ ሦስት ቤት ጨርሰዋል፤ ቁምሳጥን እንኳ ከግድግዳ አልተላቀቀም። እኛም ጥፋት አለብን፤ ለገና ግድግዳ በእበት የሚለቀልቅ አለ፣ ኬሚካሉ ከእበቱ ሥር ይቀበራል። ይህን ቀድሞ የነገረን ግን የለም።

አጎበሩ አለን፣ እንተኛበታለን። ይቺ ትንኝ ግን ሁልጊዜ እስክንተኛ አትጠብቅም፤ ገና ሲመሽ ደጅ ላይ ራት የሚሠራውንና የማሾ ማሳ የሚጠብቀውን ትነክሳለች። ከሰው ሌላ የከብት ደምም ትጠጣለች፤ ጠጥታ ሁሌ ቤት ስለማታርፍ ግድግዳና አጎበር ብቻቸውን አያቆሟትም።

ጉድጓዱ በአማካይ አንድ ሜትር ይጠልቃል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ስድስት ጊዜ ቢገለብጥበት ይሞላል። ከላይ የተገፈፈው አፈር እዚያው ዳሩ ላይ ስለተከመረ ለአንዳንዱ ምልልስ መኪናም ላያስፈልግ ይችላል። ይህ እስኪሆን አቤት የሚባለው የእጭ ማጥፊያ በየሳምንቱ ይጨመርበት፤ አንዴ ብቻ ጨምሮ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ዋጋ የለውም። ሥራው የመንገድ ነው የጤና እየተባለ መመላለሱን ግን ጨርሰናል። የበልጉ ዝናብ ከመጣ ሁለተኛው ዙር ይጀምራል።

ጉድጓዱ ከቢሮዎ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሲመጡ ፀሐይዋን ከፊትዎ አድርገው ይቅረቡ፤ ጥላዎ ካረፈባቸው እጮቹ ይሰምጡና ምንም የለም ብለው ይመለሳሉ።

የቀበሌው ነዋሪዎች