የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት የ48 ሰዓት ገደብ መነሻ በጽሑፍ ይያዝ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ሪፐብሊክ አመሠራረት በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ የመንግሥትን ሥልጣን የገደበው እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማቅረቡ ጉድለት ያለበት ይመስለኛል። ያ ሰነድ ሥልጣንን በሦስት አካላት ቢከፋፍልም፣ የዜጎችን መብቶች የሚዘረዝሩት የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች የጸደቁት በ1791 ነው፤ እነርሱም የመጡት የሥልጣን ክፍፍል ብቻውን ዋስትና አይሆንም ያሉ ወገኖች አጥብቀው በመሟገታቸው ነው።

የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን ዋስትናውን ከመነሻው ጽፎታል። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ከፒያሳ ልደታ ፍርድ ቤት ለመድረስ ደግሞ፣ የሜክሲኮ መንገድ ቢጨናነቅ እንኳ፣ ቀን የሚያስቆጥር ምክንያት የለም። ሆኖም ሰዓቱ መቼ መቆጠር እንደጀመረ የተያዘው ሰውም ሆነ ቤተሰቡ በጽሑፍ ካልያዙት ክርክሩ በቃል ላይ ይወድቃል፤ በቃል ክርክር ማን እንደሚረታ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ስለዚህ ማንኛውም ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለተያዘው ሰው ወይም ለቤተሰቡ ወዲያውኑ እንዲሰጥ፣ ቅጂውንም ለዳኛው እንዲያቀርብ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕግ ቢደነግግ የተሻለ ይሆናል።

አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ