ስቴንለስ ስለተባለ ብቻ አትግዙ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። እዚህ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና የሚያመርቱ ልጆች አሉ በርቱ ነው የምለው፣ ግን ታንከር ሲያሠሩ "ስቴንለስ ነው" ከተባሉ በቃ ይከፍላሉ። ማግኔት ካልሳበው ኦሪጅናል ነው ይላሉ፣ ማግኔት ግን 304 እና 316 የሚባሉትን የስቴንለስ ዓይነቶች አይለይም፣ ሁለቱንም እምብዛም አይስብም። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ውስጡ የተቀላቀለው ክሮምየም የሚባል ብረት ላዩ ላይ የሚሠራው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው፣ 304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ክሮምየም አለ ግን ጨው ያለበት ነገር ሲቆይበት ሽፋኑ ነጥብ ነጥብ እያለ ይበሳል፤ ከላይ ስታዩት የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ቡናማ ነጥብ ናት ውስጡን ግን በልታው ይሆናል። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዴነም የሚባል ሌላ ብረት ስላለው ይሻላል። በረኪና ግን እሱንም ይበላዋል፣ ለበረኪና ወፍራም ፕላስቲክ ታንከር ይሻላል ርካሽም ነው። ክሮምየም በዛ ማለትም ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም፣ ናይትሪክ አሲድን ይችላል ሀይድሮክሎሪክን አይችልም። በያጆች ደግሞ እባካችሁ ብየዳው ዳር የሚቀረውን ሰማያዊ ጥቁረት ሳታፀዱ አታስረክቡ፣ ብዙ ጊዜ ዝገቱ የሚጀምረው ከዛ ነው። ሻጮችም የላሜራውን ዓይነት የሚያሳየውን የፋብሪካ ሰርተፍኬት አብራችሁ ስጡ፣ ገዢውም እሱን ሳያይ አይክፈል፣ ታንከሩ አሲድ ሲያፈስ የሚቃጠለው እዛ የሚሠራው ልጅ ነው።