ደብዳቤ ለልጄ፦ የሰው ዕቃ እሳት አታስነካ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ጅማም ዝናቡ በርትቷል። ነገሩን በስልክ ላነሣብህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ የተባለ ከሌላው ወሬ ጋር ተቀላቅሎ ይረሳልና መጻፉን መረጥሁ።

አክስትህ ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ ደንበኞች ለጥገና ሰጥተውህ ያልወሰዷቸው ቀለበቶችና ሐብሎች በሱቅህ መሳቢያ ውስጥ ያለ ስም ተከማችተው ማየቷን፣ አንተም «ስድስት ወር ያለፈውን አቅልጬ እሠራበታለሁ» ማለትህን ነገረችኝ። ወርቅ በተወደደ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ወርቅ እንደሚፈታተን አውቃለሁ። ቢሆንም የሰው ዕቃ ባለቤቱን ሳታስፈቅድ እሳት አታስነካ።

ቅድመ አያትህ ወናፋቸውንና መስፋቸውን በበቅሎ ጭነው ጅማ የገቡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነው። ሂርማታ ያን ጊዜ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ወርቁ የሚገናኝበት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከየአገሩ ነጋዴ የሚጎርፍበት ገበያ ነበር። የሚሠሩበትን ብር የሚያገኙት ከማርትሬዛ ነበር፤ ይኸውም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነው። ወቄት የምንለው ሚዛንም የዚያው የአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነው። አምባር ወይም አልቦ የምታሠራ ሴት ማርትሬዛዋን ቆጥራ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ማቅለጫው ውስጥ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ የሚያውቀው አንጥረኛው ብቻ ነው።

ይህን ደግሞ አትርሳ፤ ያ ማኅበረሰብ አንጥረኛን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያለ ይሸሽ ነበር። ቅድመ አያትህ ለሙሽራ ድሪ ሠርተው ሲያስረክቡ ዋጋቸውን ይቀበላሉ እንጂ ከሠርጉ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ከእኛ ጋር እንጀራ የማይቆርሱ ሰዎች ግን የእናቶቻቸውን ጌጥ ሳይመዝኑ ይሰጡን ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ያኮራኛልም። አያትህም ያንን አደራ ጠብቀዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን እናከራየው የነበረው ቤት ተወሰደብን፤ በዚያ በቸገረን ክረምት እንኳ ከደንበኞች ዕቃ አንዲት የጆሮ ጉትቻ አልጎደለችም።

ያጎደልሁት እኔ ነኝ። ለአንተ ነግሬህ አላውቅም።

ሱቁን ከአያትህ በተረከብሁ በሁለተኛው ዓመት በጅማ አቅራቢያ ካለችው ከማና የመጡ አንዲት እናት ማጠፊያው የተሰነጠቀ የብር አምባር ለጥገና ሰጡኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው የቡና ፍሬ በሽታ የብዙውን ገበሬ ቡና ያበላሸበት ጊዜ ስለነበር፣ የጥገናውን ዋጋ ማግኘት አልቻሉም መሰለኝ፣ ዓመት አለፈ። የሠርግ ትእዛዝ ደረሰብኝ፤ ብር አነሰኝ፤ አምባራቸውን አቀለጥሁት። ሴትዮዋ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሲመጡ በክብደቱ ልክ፣ በዚያው ቅርጽ፣ አሳምሬ ሠርቼ የጠበቅኋቸው አዲስ አምባር ነበረኝ። ተቀብለው አላደነቁትም። አውራ ጣታቸውን በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው አዞሩ፤ እንደገና አዞሩ። ኋላ እንደገባኝ፣ የሚፈልጉት እናታቸው እህል ሲፈጩ ከወፍጮው ድንጋይ ጋር እየተላተመ የተጠፈጠፈውን ቦታ ነበር። ምንም አላሉኝም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮውን ፈትተው የጥገናውን ዋጋ ቆጥረው አስቀመጡልኝና ሄዱ። ገንዘቡን ልመልስላቸው አፌ አልተላቀቀም። አያትህ ይህን ሲሰሙ በቁጣ አልተናገሩም፤ ከሰሉን አጥፍተው «ለካ አደራ በላ ነው ያሳደግሁት» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ማና ወርጄ ብጠይቅም አላገኘኋቸውም።

ስለዚህ ልጄ፣ ስድስት ወር ይለፈው ስድስት ዓመት፣ የሰው ዕቃ እሳት አታስነካ። «በክብደቱ እተካለሁ» እንዳትለኝ፤ በሙያው መንገድ እንኳ አይተካም። 21 ካራት የሆነ አሮጌ ሐብል ከነመበየጃው ሲቀልጥ መበየጃው ይቀላቀልና ከሺህ 875 እጅ የነበረው የወርቁ ንጽሕና ይወርዳል፤ ጥቂት እርሳስ ከገባበት ደግሞ ወርቁ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ እጅህ ከእኔ እጅ የተሻለ ነው። የብር ክር ስትገምድ ሳይ ቅድመ አያትህን ያየሁ ይመስለኛል፤ ይህንንም ነግሬህ አላውቅም።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ነገ ሱቅ ከመክፈትህ በፊት መሳቢያውን ገልብጠህ እያንዳንዱን ዕቃ መዝን፤ ለየብቻው በወረቀት ከረጢት አድርገህ ክብደቱንና ካራቱን ጻፍበት። ከእንግዲህ በሁለት ቅጂ ደረሰኝ ቁረጥ፤ ባለቤቱ ይፈርም፤ ስልኩንም መዝግብ። ስልካቸው ላለህ ሁሉ ራስህ ደውል፤ ሠራተኛህን አታስደውል። መክፈል ላልቻለ ቀስ ብሎ እንዲከፍል ንገረው። አሲድ ስትጠቀም መስኮቱን ክፈት፤ ሳልህ እስካሁን እንዳልለቀቀህ አክስትህ ነግራኛለች፤ እናትህም በዚህ እንቅልፍ አጥታለች። ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ሦስት ኪሎ ቡናና የምትወደውን ማር በአክስትህ ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ፤ እሑድ ይደርሳል። እርሱ ሲመለስ የዕቃዎቹን ዝርዝር በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ። ከመካከላቸው ያቀለጥኸው ካለ እርሱንም ሳትደብቅ ጻፍልኝ፤ መጥቼ አብረን ወደ ባለቤቱ እንሄዳለን።

የሚወድህ አባትህ፣
ከጅማ